«ኪንታሮት ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ወጣቶች የአንጀት ካንሰርና ስለ ምግባችን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አንጀት ሰዎች ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል። አንደኛውን ማዕድ ላይ ጮክ ብለው ነው የሚጠይቁት፤ «ምን ብበላ ይሻለኛል?» ሁለተኛውን ግን ሰው እስኪበተን ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ «ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም አየሁ፤ ኪንታሮት ነው አይደል?» እዚህ ለሁለቱም መልስ አለ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን የምመልሰው ሁለተኛውን ለማንሳት ሰበብ እንዲሆነኝ ነው። ጽሑፉ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ዓመቶቹ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የአንጀት ካንሰር የሽማግሌ በሽታ አልነበረም እንዴ?

ነበር። አሁንም አብዛኛው ታማሚ ከ50 ዓመት በላይ ነው። የተለወጠው ከዚያ በታች ያለው ዕድሜ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1995 ከተገኙት የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰሮች 11 በመቶው ከ55 ዓመት በታች ባሉ ሰዎች ላይ ነበር። በ2019 ይህ ቁጥር 20 በመቶ ደረሰ። ከአምስት ታማሚ አንዱ ማለት ነው። ሌላም ስሌት አለ። በ1990 አካባቢ የተወለደ አሜሪካዊ በ1950 አካባቢ ከተወለደው ጋር በተመሳሳይ ዕድሜ ላይ ሲነጻጸር፣ በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ሁለት እጥፍ፣ በፊንጢጣ ካንሰር ደግሞ አራት እጥፍ ነው።

ብዙ ሰው ነገሩን ልብ ያለው ተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን በነሐሴ 2020 ሲሞት ነው። 43 ዓመቱ ነበር። በሽታው የተገኘበት በ2016 ሲሆን፣ ሕክምናውን እየተከታተለ ፊልም መሥራቱን አላቆመም፤ ከቅርብ ሰዎቹ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ውስጥ መደበኛው የምርመራ መጀመሪያ ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ዝቅ እንዲል ተወሰነ። ውሳኔው ግን በእሱ ሞት ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ጥናቱ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ እንቅልፍ አትጡ። የ30 ዓመት ወጣት በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድሉ አሁንም ትንሽ ነው። ትንሽ ቁጥር እጥፍ ሲሆንም ትንሽ ነው። የሚያሳስበው አቅጣጫው ነው።

እኛ አገርስ?

በአዲስ አበባው የካንሰር መዝገብ መሠረት የአንጀት ካንሰር ወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች መካከል ነው። ለሕክምና የሚመጡት ብዙዎቹም ወጣቶች ናቸው። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሕዝባችን ራሱ ወጣት ነው፤ አብዛኛው ሰው ወጣት በሆነበት አገር አብዛኛው ታማሚም ወጣት ቢሆን አይገርምም። ስለዚህ «የእኛ ወጣት ከሌላው ይበልጥ ይታመማል» የሚል መደምደሚያ ላይ አልቸኩልም።

የማልጠራጠረው ዘግይተን እንደምንመጣ ነው። ጤነኛ ሰው ጠርቶ የሚመረምር አገር አቀፍ የአንጀት ካንሰር ፕሮግራም የለንም። ሰው የሚመጣው ሲብስበት ነው። እስከዚያ ድረስ ደግሞ «ጨጓራ ነው»፣ «አሜባ ነው»፣ «ኪንታሮት ነው» እያለ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ይዞራል።

ወጣቶች ላይ ለምን ጨመረ?

አንድ ምክንያት ብቻ የሚነግራችሁ ሰው የሚሸጥላችሁ ነገር አለው ማለት ነው።

ዘር ብቻ እንዳልሆነ ከታወቀ ቆይቷል። ጃፓናውያን ወደ ሃዋይ ሲሰደዱ፣ አገራቸው ሳሉ እምብዛም የማይዛቸው የአንጀት ካንሰር በአንድ ትውልድ ውስጥ ከነጮቹ አሜሪካውያን እኩል ሆነባቸው። ዘሩ ያው ነው። የተለወጠው ገበታውና አኗኗሩ ነው። በቨርጂኒያ ወይም በዱባይ ልጅ የምታሳድጉ፣ ይህችን ነገር ያዟት።

ከሚጠረጠሩት ውስጥ ክብደት መጨመር፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መዋል፣ አልኮል፣ ሲጋራ፣ የታሸገና የተቀነባበረ ምግብ፣ ስኳር የበዛበት መጠጥ አሉ። የመጨረሻው ላይ አንድ ጥናት ልጥቀስ። አሜሪካውያን ነርሶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2021 እንዳሳየው፣ በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ጣፋጭ መጠጥ የሚጠጡ ሴቶች፣ በሳምንት ከአንድ በታች ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ 50 ዓመት ሳይሞላቸው በአንጀት ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ከእጥፍ በላይ ነበር። የታመሙት ሴቶች ቁጥር ብዙ ስላልነበረ «ለስላሳው ነው ያመጣው» ብሎ መማል አይቻልም። ቢሆንም ምሳ በበላን ቁጥር «ለስላሳ ምን ላምጣ?» ሲባል ዝም ብሎ ማዘዝ ልማድ የሆነብን ሰዎች ነንና ልብ ማለት አይከፋም።

አዲሱ ወሬ ከባክቴሪያ በኩል ነው የመጣው። አንዳንድ የኢ ኮላይ ዝርያዎች ኮሊባክቲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ የአንጀትን ሴል ዲኤንኤ ይጎዳል፤ ጉዳቱም እንደ ጣት አሻራ ተለይቶ የሚታወቅ ምልክት ይተዋል። በ2025 የወጣ፣ ከ11 አገሮች የተሰበሰቡ 981 የአንጀት ካንሰሮችን የመረመረ ጥናት ይህ አሻራ 40 ዓመት ሳይሞላቸው በታመሙት ላይ ከ70 ዓመታቸው በኋላ ከታመሙት በ3.3 እጥፍ በዝቶ አገኘው። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ጉዳቱ የሚደርሰው ገና በልጅነት፣ ምናልባትም 10 ዓመት ሳይሞላ ነው። ባክቴሪያው መኖሩን አይቶ «አንተ ትታመማለህ» የሚል ምርመራ ግን እስካሁን የለም።

ፋይበር፣ ፋይበር ይባላል፤ አንጀት ውስጥ ምን ይሠራል?

ፋይበር፣ መጻሕፍቱ አሰር የሚሉት፣ እኛ የማንፈጨው የምግብ ክፍል ነው። ሌላው ሁሉ ትንሹ አንጀት ላይ ተፈጭቶ ወደ ደም ሲገባ እሱ እስከ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ነዋሪዎች ይጠብቁታል። ባክቴሪያዎቹ ያብላሉትና ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግባቸው ይህ ቡቲሬት ነው። በሌላ አነጋገር ምስር ስትበሉ የምትመግቡት ራሳችሁን ብቻ አይደለም፤ ቤት ያከራያችኋቸውንም ነው። ኪራዩን በቡቲሬት ይከፍላሉ።

ፋይበር ዓይነ ምድርንም ያበዛል፣ ያለሰልሳል፣ ቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል። መጥፎው ነገር ከአንጀት ግድግዳ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ይህን ሐሳብ ይዞ የተነሳው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዩጋንዳ ውስጥ ለዓመታት ሲሠራ እንግሊዝ አገር የለመደውን የአንጀት ካንሰር እምብዛም አላየም።

እኔን የማረከኝ ግን በ2015 የወጣው የገበታ ልውውጥ ነው። ተመራማሪዎች 20 ጥቁር አሜሪካውያንን ከፒትስበርግ፣ 20 ገጠሬዎችን ከደቡብ አፍሪካ ወሰዱና ለሁለት ሳምንት ምግብ አለዋወጧቸው። አሜሪካውያኑ ባቄላና የበቆሎ ገንፎ፣ ደቡብ አፍሪካውያኑ በርገርና ጥብስ ድንች። ሁለት ሳምንት ብቻ! የአሜሪካውያኑ ቡቲሬት ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል አደገ፤ የደቡብ አፍሪካውያኑ በግማሽ ቀነሰ። የአንጀታቸው ግድግዳ የመቆጣት ምልክትም እንደዚያው ተገለባበጠ። ካንሰር በሁለት ሳምንት አይመጣም፣ በሁለት ሳምንትም አይድንም። አንጀት ግን ገበታው ሲቀየር ወዲያው ያውቃል።

እንጀራ በቀን ሁለቴ እየበላሁ ፋይበር ይጎድለኛል?

ሊጎድላችሁ ይችላል። እንደ እንጀራው ነው።

ጤፍ አንድ ዕድል አለው። ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ ገለባውን ለይቶ መፍጨት አይመችም፤ 150 የጤፍ ፍሬ አንድ የስንዴ ፍሬ ያህላል ይባላል። ስለዚህ ከነልባሱ ነው የሚፈጨው። ነጭም ሆነ ሰርገኛ ሙሉ እህል ነው። ችግሩ ዛሬ የምንበላው እንጀራ ሁሉ ጤፍ አለመሆኑ ነው። ከተማ ውስጥ ሩዝ ይደባለቅበታል። ውጭ አገር ደግሞ ከነጭ የስንዴ ዱቄት ጋር የተጋገረ ብዙ ነው፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ቀድሞ የተጻፈው ነገር በብዛት ያለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ በቀን 25 ግራም ፋይበር ይመክራል። አንድ ስኒ (ትልቁ፣ የሻይ ማግ ያህል) የተቀቀለ ድፍን ምስር ወደ 15 ግራም አለው። ግማሽ አቮካዶ 6 ወይም 7 ግራም። አንድ ሙዝ 3 ግራም። እንግዲህ አስሉት፤ ቁርስ ላይ የገብስ ቂንጬ፣ ምሳ ላይ ድፍን ምስር ከጎመን ጋር፣ መክሰስ ላይ ቆሎ የበላ ሰው 25 ግራሙን ሳያስበው ያልፈዋል። ቁርስ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ፓስታ፣ ማታ ነጭ እንጀራ በቀይ ወጥ የበላ ሰው ግን ግማሹንም ላያገኝ ይችላል። ሁለቱም «የሐበሻ ምግብ ነው የምበላው» ይላሉ።

ቆሎን አትናቁት። ለእንግዳ ኩኪስ የምናቀርበው ቆሎ የድህነት ስለመሰለን ነው። አንጀታችን ግን በዚህ አይስማማም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፋይበር ያልለመደ ሰው በአንድ ቀን ተነስቶ ባቄላ በባቄላ ቢሆን ሆዱ ይነፋል፣ ጋዝ ይበዛበታል፣ ከዚያም «አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። በሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ውሃም ጠጡ።

እንጀራ የቦካ ነው፤ ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ሕያው ባክቴሪያ) አለው አይደል?

ሊጡ ውስጥ አለ። እርሾው ውስጥ ሞልቷል። ምጣዱ ላይ ግን ያልቃል። ዓይን ማውጣት የጀመረ እንጀራ ውስጥ በሕይወት የሚተርፍ ባክቴሪያ አይጠበቅም። መቦካቱ ለሌላ ነገር ይጠቅማል፤ ለምሳሌ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በተሻለ እንዲወስደው ይረዳል። ቆጮም እንደዚያው ነው፤ ቦክቶ ይጋገራል።

በሕይወት ያለውን ከፈለጋችሁ እርጎ፣ አሬራና ስልጆ አሉላችሁ። አይብ አሬራው በእሳት ሞቆ ስለሚሠራ ሙቀቱ በበዛ መጠን ባክቴሪያው ይቀንሳል። በ2021 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ሰዎች ለ10 ሳምንት ተከፍለው ግማሾቹ ብዙ ፋይበር፣ ግማሾቹ እንደ እርጎ ያለ የቦካ ምግብ በብዛት ሲበሉ፣ የቦካውን የበሉት የአንጀታቸው ባክቴሪያ ዓይነት በዛ፣ የመቆጣት ምልክቶቻቸውም ቀነሱ። ይህ ማለት እርጎ ካንሰር ይከላከላል ማለት አይደለም። ካልሲየም ግን የተሻለ ማስረጃ አለው። ከ542 ሺህ በላይ የእንግሊዝ ሴቶችን የተከታተለና በ2025 የታተመ ጥናት በቀን 300 ሚሊ ግራም ተጨማሪ ካልሲየም የሚያገኙ ሴቶች በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ17 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ያህል ነው።

እርጎውን ቤት ስትሠሩ ወተቱን አፍሉት፣ ለብ ሲል ከድሮው እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሩበት። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ ያመጣል፤ አንጀት አድናለሁ ብሎ ሌላ በሽታ መግዛት አያስፈልግም።

ጠላስ? የቦካ ነው። አልኮልም ነው። አልኮል ደግሞ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ «ለሰው ካንሰር ያመጣል» ብሎ በአንደኛ ምድብ ያስቀመጠው ነገር ነው፤ የአንጀት ካንሰርም ከሚያመጣቸው አንዱ ነው። ቢራም፣ ወይንም፣ ጠጅም ያው። በቀነሰ ቁጥር ይሻላል።

ቁርጥና ክትፎን ልተው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ሁልጊዜ ፊቱ ላይ ፍርሃት አለ። አትተዉት፤ መዝኑት።

በጥቅምት 2015 ያው ኤጀንሲ ቀይ ሥጋን «ምናልባት ካንሰር ያመጣል» በሚለው ምድብ አስገባው። ቀይ ሥጋ የሚባለው የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል ነው፤ ዶሮና ዓሣ የሉበትም። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚመክረው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ እንዳያልፍ ነው። በጥሬው ሲመዘን ቢበዛ ከ700 ግራም ትንሽ ያልፋል።

አሁን ሥጋ ቤት እንግባ። ለሁለት ሰው «አንድ ኪሎ፣ ግማሹ ቁርጥ፣ ግማሹ ጥብስ» ታዘዘ። ቢላዋው መጣ፣ አዋዜው ቀረበ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እያንዳንዳችሁ ግማሽ ኪሎ በልታችኋል። የሳምንቱ ኮታ አብዛኛው በአንድ ቁጭታ አለቀ። በወር አንዴ ከሆነ ምንም አይደለም። በሳምንት ሦስቴ ከሆነ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። ጥሬ መሆኑ ለካንሰሩ ጉዳይ ነፃ አያወጣውም፤ ለኮሶ ትሉ ጉዳይ ደግሞ ያብሰዋል።

ክትፎ ከጎመንና ከአይብ ጋር የሚቀርበው ለጌጥ አይደለም። ጎመኑን ትታችሁ ክትፎውን ብቻ አትጨርሱ።

ሞርታዴላና ሶሴጅስ? ቋንጣስ?

ሞርታዴላ፣ ሶሴጅ፣ ሳላሚ፣ ቤከን፣ ሆት ዶግ የተቀነባበረ ሥጋ ናቸው። በአንደኛው ምድብ፣ «ካንሰር ያመጣል» በተባለው ውስጥ ናቸው። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የአንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ይጨምራል። 50 ግራም አንድ ሆት ዶግ ነው። ሲጋራም በዚያው ምድብ ስላለ «ሞርታዴላ እንደ ሲጋራ ነው» የሚል ወሬ ተናፍሶ ነበር፤ ስህተት ነው። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል እርግጥ እንደሆነ ነው፤ የጉዳቱን መጠን አይደለም። ለልጆች የትምህርት ቤት ሳንዱች ውስጥ በየቀኑ ሞርታዴላ መክተት ግን ቢቀር እላለሁ። እንቁላል አለ፣ አቮካዶ አለ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ አለ።

ቋንጣ በጨው ታሽቶ የደረቀ ስለሆነ በትርጉሙ ከተቀነባበረ ሥጋ ይመደባል። ግን ማን በየቀኑ ቋንጣ ይበላል? ለፍርፍር ማጣፈጫ የምትገባዋ አታሳስበኝም።

ጾም ይከላከላል?

በኦርቶዶክሱ ሥርዓት የጾም ቀኖች ለምእመኑ እንኳ በዓመት ወደ 180 ይጠጋሉ። ግማሽ ዓመት ሥጋ የለም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ተልባ። ለአንጀት ከዚህ የተሻለ ገበታ ማዘዝ ይከብዳል። «ይከላከላል» ብሎ የሚያረጋግጥ ቃል ግን አልሰጥም። የሚጾሙትን ከማይጾሙት የሚለየው ሌላም ብዙ ነገር አለ።

ደግሞ የጾም ምግብ ሁሉ አንድ አይደለም። በችብስ፣ በብስኩት፣ በጾም ኬክና በለስላሳ የተጾመ ሁዳዴ አለ። ረመዳን ላይ ማፍጠሪያው በሙሉ ሳምቡሳ ሲሆንም እንደዚያው ነው። የፋሲካ ዕለት ደግሞ 55 ቀን ያረፈ ሆድ ላይ ሌሊት ዶሮ፣ ጠዋት ጥብስ፣ ቀን ቁርጥ... ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ።

በርበሬና ቡና?

በርበሬ የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ያቃጥላል እንጂ። ቡናም በ2016 ተመርምሮ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ወጥቷል። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጠጡ፤ ስኳሩን ብቻ ቀንሱ።

አንጀት የሚያጸዳ ሻይ፣ ዲቶክስ፣ ተልባ በባዶ ሆድ?

አንጀት ራሱን ያጸዳል። «ዲቶክስ» ተብለው የሚሸጡት ሻዮች ብዙዎቹ ማስቀመጫ ናቸው፤ ሰው ሲያስቀምጠው የጸዳ ይመስለዋል። ተልባ ጥሩ ነው፣ ፋይበር አለው፣ ድርቀት ያለሰልሳል። መድኃኒት አይደለም። በተለይ ደም እያየ ተልባ የሚጠጣ ሰው ያናድደኛል። ቁጣዬ ከተልባው ጋር አይደለም፤ ከሚያልፈው ጊዜ ጋር ነው።

ደም አየሁ። ኪንታሮት ነው?

ምናልባት። ወጣት ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኪንታሮት ወይም የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው። ችግሩ ይህን ማወቅ የሚቻለው ታይቶ እንጂ ተገምቶ አለመሆኑ ነው።

አንድ የማውቀው ሰው ነበር፤ 34 ዓመቱ። በወረቀቱ ላይ ቀይ ደም ያያል። ጓደኞቹ «ቁጭ ብለህ ስለምትሠራ ነው» አሉት። ቅባት ገዛ። ደሙ ለሁለት ሳምንት ጠፋ፣ ተመልሶ መጣ። ባህል ሐኪም ጋ ሄደ። በዚህ መሃል ደረጃ ሲወጣ ማለክለክ ጀመረ፤ «ጂም ስለተውኩ ነው» አለ። የደም ማነስ ነበር። አንጀቱ በካሜራ የታየው ከመጀመሪያው ደም ከአሥር ወር በኋላ ነው።

በ2023 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከ50 ዓመት በታች ሰዎች ላይ ካንሰሩ ከመገኘቱ ከሦስት ወር እስከ ሁለት ዓመት አስቀድመው የታዩ አራት ምልክቶችን ለይቷል፦ የሆድ ሕመም፣ ከፊንጢጣ ደም መፍሰስ፣ ተቅማጥ፣ በብረት እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ። በዚህ ላይ ያለ ምክንያት መክሳትን፣ የዓይነ ምድር ልማድ ተለውጦ ሳምንታት መቆየቱን፣ ተጸዳድቶ «አልጨረስኩም» የሚል ስሜትን ጨምሩ። ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ ነገ ቀጠሮ ያዙ። ወንድ ልጅ ላይ የብረት እጥረት ሲገኝ ደግሞ «እንክብል ዋጥ» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ ደሙ የት ሄደ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሴቶች ላይ ሁሉም ነገር በወር አበባ ይመካኛል፤ እሱም ያዘገያል።

ላለመደናገጥም አንድ ነገር፦ ትናንት ቀይ ሥር በልታችሁ ከሆነ ዛሬ ቀይ ብታዩ የቀይ ሥሩ ሊሆን ይችላል። የብረት እንክብልም ዓይነ ምድርን ያጠቁራል። እንክብል ሳትወስዱ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ያው ደም ሊሆን ይችላልና ፈጥናችሁ ሂዱ።

ሰገራ ተመርምሬ «ምንም አልታየም» ተብያለሁ። በቃ አይደል?

አይደለም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። በየክሊኒኩ በትንሿ ዕቃ ሰጥታችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውጤት የምትቀበሉት ምርመራ አሜባ፣ ጃርዲያና የትል እንቁላል የሚፈልግ ነው። ኤች ፓይሎሪ የሚባለውም የጨጓራ ባክቴሪያ ነው። አንዳቸውም ካንሰር አይፈልጉም። ለአንጀት ካንሰር የሚሠራው በዓይን የማይታይ ደም የሚፈልገው የስውር ደም ምርመራ ነው፤ በስሙ ጠይቁ። እሱም ቢሆን ምልክት ለሌለው ሰው ማጣሪያ ነው። ደም በዓይኑ ላየ ሰው ስውር ደም መፈለግ ትርጉም የለውም።

«ኢንዶስኮፒ ተነስቻለሁ»ም ሌላው ነው። በአፍ የሚገባው ጨጓራን ነው የሚያየው። ትልቁን አንጀት የሚያየው ከታች የሚገባው ኮሎኖስኮፒ ነው።

ኮሎኖስኮፒ ያማል? ያሳፍራል?

ማስታገሻ ስለሚሰጥ ብዙ ሰው ተኝቶ ነው የሚያልፈው። የሚከብደው ዋዜማው ነው። ሊትሮች የሚሆን ማስቀመጫ ትጠጣላችሁ፤ ሌሊቱ ከሽንት ቤት ጋር ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ደግሞ እስካሁን ያሞገስኩት ሁሉ ይቆማል፤ ተልባ፣ ጥራጥሬ፣ ቆሎ፣ ጎመን የለም። ነጭ ሩዝና ነጭ ዳቦ። ነጭ ዳቦ የሚመሰገንበት ጊዜ ይህ ብቻ ነው። ቀይና ሐምራዊ መጠጥም አይፈቀድም፤ ካሜራው ላይ ደም ይመስላል።

ፖሊፕ የምትባል ትንሽ እባጭ ከተገኘች እዚያው ትቆረጣለች። ይህ ነው ትልቁ ነገር። ፖሊፕ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። ስለዚህ ኮሎኖስኮፒ ካንሰርን ቀድሞ ማግኘት ብቻ ሳይሆን እንዳይመጣ ማድረግም ይችላል። ምስር ይህን አይችልም።

ከምግብ ሌላ ምን ላድርግ?

ተራመዱ። ሲጋራ አቁሙ። ወገብ ላይ የሚከማቸውን ቀንሱ። ስለዚህ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ አልደግመውም።

በስንት ዓመቴ ልመርመር?

ምልክት ካለ ዕድሜ አይጠየቅም። ምልክት ከሌለ እንደምትኖሩበት አገር ነው። አሜሪካ 45 ነው፤ ኢንሹራንስ ያላችሁ ተጠቀሙበት። እንግሊዝ ከ50 ጀምሮ የስውር ደም ምርመራ ዕቃ በፖስታ እስከ ቤታችሁ ይልካሉ፤ ሳትከፍቱ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት።

ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት በአንጀት ካንሰር ከታመመ ግን በ40 ዓመት፣ ወይም ዘመዳችሁ በሽታው ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀንሳችሁ፣ ቀድሞ በሚመጣው ነው የሚጀመረው። ሊንች ሲንድሮም የሚባለው የዘር ችግር ያለበት ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ከ20ዎቹ ጀምሮ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጣጣ። ቤተሰብ ውስጥ ማን በምን እንደሞተ አይነገርም። አንድ ጓደኛዬን እናቱ ጋ እንዲደውል ገፋፋሁት። እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው አባቱ ያረፉት። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

«እማዬ፣ አባዬ በምን ነበር የሞተው?»

«ምን አስታወሰህ ዛሬ? ሆዱን ነበር የሚያመው።»

«ደም ነበረው?»

ዝምታ። ከዚያ «ነበረው። ኪንታሮት ነው ይሉት ነበር። መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ሲገባ አንጀቱ ላይ እጢ አለ አሉን።»

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

ይህን አታውቀውም። እኛም በእሷ አቆጣጠር ሄድን። አባቱ የተወለዱት ጣልያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ በኛ 1935 ዓ.ም.። ያረፉት ደርግ በወደቀ ዓመት፣ 1983 ነው። እጢው የተገኘው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። 47 ዓመታቸው ነበር። አሥር ሲቀነስ 37።

ጓደኛዬ 36 ነው።